ጀርባውን ገልብጥልኝ

ባጅ ሰብሳቢ ሲባል የስብሰባ ሊቀመንበር እንዳይመስላችሁ፤ ደረት ላይ የሚሰኩ፣ የካርቱን ሥዕል ያለባቸው የድሮ ባጆችን የሚያጠራቅም ሰው ነው። እሱ እንኳን ሰው ሊሰበስብ፣ አንድ እንግዳ ሲመጣበትም ሆዱ ይንቦጫቦጫል። እንግዳ እጅ አለው፤ እጅ ላብ አለው፤ ላብ የነካው ቆርቆሮ ይዝጋል። “ስታምር! ደረቴ ላይ ላድርጋት?” ያለ ወዳጅማ ወዳጅነቱ እዚያው ላይ አበቃ።

ይህን ሰው ከሌላው የሚለየው አንድ ነገር ነው። ሌላው ባጅ ሲያነሳ ፊቱን አይቶ ይስቃል። እሱ ገልብጦ ጀርባውን ያያል። የካርቱን ሰዓሊው ቀልድ የቱንም ያህል ቢያስቅ፣ ከኋላ ያለችው ክብ ወረቀት ከጎደለች ፊቱ ለቅሶ ቤት የገባ ይመስላል።

እውነት ለመናገር ምክንያት አለው። የድሮ የሴሉሎይድ (የጥንት ፕላስቲክ ዓይነት) ባጅ እንደ ሽንኩርት ነው። ከሥር ክብ የብረት ቅርፊት፣ በላዩ የታተመ ወረቀት፣ ከወረቀቱ በላይ ስስ ግልጽ ሴሉሎይድ አለ። የወረቀቱና የሴሉሎይዱ ጠርዝ ወደ ኋላ ታጥፎ በብረት ቀለበት ይያዛል፤ ከቀለበቱ ውስጥ የሽቦ መርፌው ይገባል። በዚህ ሥራ ስሙ የገነነው የአሜሪካው የኒው ጀርሲ ኩባንያ ኋይትሄድ ኤንድ ሆግ ስሙንና የፓተንት (የፈጠራ መብት) ቀኖቹን ከኋላ በወረቀት ይለጥፍ ነበር። “ጁላይ 21፣ 1896” የሚል ያነበበ ጀማሪ ሁሉ ታዲያ ባጁ በዚያ ዓመት ተሠራ ብሎ ያውጃል። ቀኑ የፓተንቱ ነው! ከዚያ በኋላ በተሠሩትም ላይ ተለጥፏል። የልጅን ዕድሜ ከአያቱ የልደት ወረቀት መቁጠር ማለት ይኸው ነው።

እ.ኤ.አ. ከ1896 ጀምሮ የወጣው እውነተኛ ሽማግሌ ሪቻርድ አውትኮልት የሳለው መላጣ የካርቱን ልጅ፣ “የሎው ኪድ”፣ ነው፤ ሃይ አድሚራል የተባለ ሲጋራን ያስተዋውቃል። የወተት ጥርሱን ያልነቀለ ልጅ ሲጋራ ሲሸጥ ያን ጊዜ ማንም አልደነገጠም። ዛሬ የሚያስደነግጠው ቁጥሩ ነው። 32 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆኑት እነዚህ ባጆች ተራ ቁጥር አላቸው፣ እስከ 160። ከፍ ያሉት ቁጥሮች እንደ ዝቅተኞቹ በቀላሉ አይገኙም። 159 የያዘን ሰው “ስንት አለህ?” ብትሉት “አንድ ጎደለኝ” ነው መልሱ። እ.ኤ.አ. በ1910 አካባቢ የካርቱን ሰዓሊዎቹ የታድ ዶርጋንና የሩብ ጎልድበርግ ቀልዶችም በሲጋራ በኩል ወደ ባጅ ገብተዋል። ያ ሁሉ ሰው ለባጅ ሲል እንዳጨሰ ማን ያውቃል።

እ.ኤ.አ. ከ1945 እስከ 1947 ደግሞ ተራው የቁርስ ሆነ። ፔፕ ከተባለው የኬሎግ ኩባንያ የቁርስ እህል ጋር የወጡት ባጆች ሴሉሎይድ የላቸውም፤ ሥዕሉ በቀጥታ ቆርቆሮው ላይ ታትሞ የተቆረጠ ነው፤ ስፋታቸው 21 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። አምስት ዙር፣ በየዙሩ 18፤ ግን ሱፐርማን በአምስቱም ስለተደገመ ድምሩ 90 ሳይሆን 86 ነው። ዘጠና ካልሞላ ብሎ የሚሟገት ገዢም አልጠፋም።

አሁን ወደ ሐሰተኛው። ብዙ ሰው አጉሊ መነጽር ገዝቶ የኅትመት ነጠብጣብ ይቆጥራል፤ የድሮውም ነጠብጣብ ሊኖረው ስለሚችል ይህ ብቻውን አያዋጣም። ከዚያ ይልቅ ጭረቱን በጥፍር ዳሰስ ማድረግ ይሻላል። ከአሮጌ ባጅ ፎቶ ተነሥቶ የተባዛ ቅጂ የእናቱን ጭረትና እድፍ አብሮ ይወርሳል፤ ዓይን ጭረት ያያል፣ ጥፍር ግን እንደ መስታወት ይንሸራተታል። ፊደላቱም ደብዘዝ፣ ጠርዛቸውም ወፈር ይላል።

ከሐሰተኛ የሚከፋው ግን ንጹሕ ሰው ነው። እርጥብ ጨርቅ ይዞ የሚመጣው ደግ ሰው! ውሃው በጠርዙ ሾልኮ ይገባል፣ ብረቱ ይዝጋል፣ ዝገቱ ወረቀቱን ያጠጣዋል። ከወራት በኋላ የካርቱኑ ጀግና ጉንጭ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ይወጣል፤ ከሴሉሎይዱ ሥር ስለሆነ ደግሞ የሚያስለቅቀው የለም። አሴቶን ይዞ የመጣው ያው ደግ ሰው ከሆነ ሴሉሎይዱ ራሱ ይሟሟል። ደረቅ ለስላሳ ጨርቅ፣ ያውም ቀስ ብሎ፤ ሌላው ይቅር።

አየር በማያስወጣ ፕላስቲክ ማሸግም ፍቅር አይደለም። ሴሉሎይድ እያረጀ ሲበላሽ አሲድ የሚሆን ጋዝ ይተፋል፤ ታሽጎ ከቆየ ራሱንም ጎረቤቱንም ይበላል። የሚላብ፣ የሚሰነጠቅ ወይም የካምፎር (ሴሉሎይድ ውስጥ ያለ ኃይለኛ ሽታ ያለው ነገር) ሽታው የበረታ ባጅ ሲገኝ ቶሎ ከሌሎቹ መለየት፣ ቀዝቀዝ ያለና ደረቅ ቦታ፣ ከፀሐይና በተለይ ከእሳት ማራቅ ነው። ሴሉሎይድ እሳት ሲያይ አይግደረደርም።

የቀሩት ጤነኞቹ አየር በሚያገኝ፣ መስታወት ክዳን ባለው ጠፍጣፋ ሣጥን ውስጥ ፊታቸውን ወደ ላይ አድርገው ይደረደራሉ። እዚህ ላይ ሰብሳቢው ሌላ ችግር ይገጥመዋል፦ ጀርባቸው አይታይም። ስለዚህ ጀርባቸውን አንድ በአንድ ፎቶ አንሥቶ አልበም ይሠራል፤ እንግዳ ሲመጣ የሚያሳየው ይህንኑ ባለ ዝገት ሽቦና ባለ ቀለበት አልበም ነው። ሰብሳቢዎች በሚገናኙበት ቀን ደግሞ ደረት ባዶ አይሆንምና አንድ አዲስ ቅጂ አሠርቶ ይሰካል፤ ጠርዙ ላይ በገዛ እጁ “ቅጂ” ብሎ ጽፎበት፣ አንድ ሰው ገልብጦ እንዳያዋርደው።