ጣት ያውቃል

ባለፈው ሳምንት በምሠራበት ድርጅት የመተግበሪያችን ገጾች በሙሉ ወደ ዌብቪው፣ ማለትም በመተግበሪያው ውስጥ ወደሚከፈት የዌብ ገጽ፣ እንዲዞሩ ተወሰነ። አንድ ኮድ ለሁሉም ስልክ፣ አንድ ቡድን፣ ያነሰ ወጪ። ይህን ሁሉ በትዕግሥት ሰማሁ። አንድ ኃላፊ ለማሳመኛ የጨመሯት ዓረፍተ ነገር ግን እስካሁን ታንገበግበኛለች፦ «ተጠቃሚው ልዩነቱን አያውቅም።»

እንዴት አያውቅም? ስሙን ላያውቀው ይችላል፤ ጣቱ ግን ያውቀዋል። በሴኮንድ 60 ጊዜ በሚታደስ ስክሪን ላይ አንድ ፍሬም፣ ማለትም አንድ የስክሪን ምስል፣ ለማዘጋጀት ያለን ጊዜ 16.7 ሚሊሴኮንድ ገደማ ነው፤ 120 ጊዜ በሚታደሰው ላይ ደግሞ 8.3። ጽሑፉ ተለክቶ፣ ቦታው ተሰልቶ፣ ቀለሙ ተቀብቶ ማለቅ ያለበት በዚህች ቅጽበት ነው። ካመለጠ ፍሬሙ ይዘለላል፤ ሰውዬው የሚያየው እየተንገጫገጨ የሚወርድ ዝርዝርና ባዶ ነጭ ገጽ ነው። በዌብ ገጽ ላይ ደግሞ የገጹን ሥራ የሚያከናውነው ጃቫስክሪፕቱም፣ የገጹ አቀማመጥ ስሌትም፣ ለንክኪ የሚሰጠው ምላሽም በአብዛኛው አንድ ትሬድ፣ ማለትም አንድ የሥራ መስመር፣ ላይ ይሰለፋሉ። አንዱ ሲዘገይ ሌላው ቆሞ ይጠብቃል።

በውሳኔው ማግሥት የሙከራውን ቅጂ አራት ዓመት ባገለገለ ስልክ ከፈትኩት። «ክፈል» የሚለውን ነካሁ። ቁልፉ ቀለሙን እንኳ አልለወጠም። ደግሜ ነካሁ። ሁለቱም ንክኪዎች ወረፋ ይዘው ኖሮ ተከታትለው ደረሱ፤ የክፍያ ማረጋገጫው ሁለት ጊዜ ተከፈተ። ገንዘቡ የሚወጣበት ሰው ይህን አያውቅም?

ነገሩ ደግሞ ያልተሞከረ አይደለም። ፌስቡክ በዌብ ገጽ መሥሪያው በኤችቲኤምኤል5 ላይ ተመሥርቶ የነበረውን የአይፎን መተግበሪያውን በ2012 እ.ኤ.አ. እንደ አዲስ በኔቲቭ ኮድ፣ ማለትም በቀጥታ ለስልኩ ሥርዓት በሚጻፍ ኮድ፣ ጻፈው። የፌስቡኩ መሪ ዙከርበርግም በዚያው ዓመት፣ በኤችቲኤምኤል5 ላይ ከመጠን በላይ መተማመናቸው እንደ ኩባንያ የሠሩት ትልቁ ስህተት መሆኑን በአደባባይ ተናገረ። «ያኔ ስልኮቹ ደካማ ነበሩ» ይሉኛል። ስልኩ ሲፈጥን ገጹም አብሮ ከብዷል።

ወጪው ነው ካላችሁ፣ ምርጫው ለአንድሮይድና ለአይፎን ሁለት ጊዜ ከመጻፍና ከዌብቪው ብቻ አይደለም። አንዴ ጽፈው በሁለቱም የሚያሠሩባቸው መሣሪያዎች አሉ። ሪአክት ኔቲቭ የስልኩን የራሱን ቁልፎችና ዝርዝሮች ይጠቀማል፤ ፍላተር ፒክሰሉን ራሱ ይስላል። የእርዳታ ገጹና የውል ስምምነቱ በዌብቪው ይሁኑ፤ አልከራከርም።

የሽግግሩ ዕቅድ ግን የሚጀምረው ከክፍያ ገጹ ነው። ቢያንስ እሱን ተዉት።