ጠይቄ ነው የበላሁት!

ዛሬ በጾም የበሬ ሞራ በላሁ። ያውም ጣፋጭ ውስጥ። ያውም ጠይቄ!

እንግሊዝ ያላችሁ ታውቋታላችሁ፣ ያቺን ሚንስ ፓይ የሚሏትን በሊጥ የተሸፈነች ትንሽ ክብ ጣፋጭ። የፈረንጆቹ ዲሴምበር ከገባ የሌለችበት ጠረጴዛ የለም። ውስጧ ያለው ሚንስሚት ይባላል። በቁሙ የተፈጨ ሥጋ ማለት ነው። ታዲያ ሠርታ ያመጣችውን ልጅ ጠየቅኳት።

«ሥጋ አለው እንዴ?»

«ኧረ ስሙ ብቻ ነው። ዘቢብ፣ ፖም፣ የብርቱካን ልጣጭ ነው።»

«ሊጡስ? ቅቤ የለውም?»

«በማርጋሪን ነው የሠራሁት። ስላንቺ ብዬ።»

ስላንቺ ብዬ ተብዬ እንዴት እምቢ ልበል? በላሁ። ጣፈጠኝ፣ ደገምኩ። የተረፈውን ሚንስሚት ለሌላዋ ልጅ ከነጠርሙሱ አምጥታላት ኖሯል። አነሳሁና ጀርባውን አነበብኩ። ስኳር፣ ፖም፣ ዘቢብ… የበሬ ሱዌት።

«ሱዌት ምንድን ነው?»

«ስብ ነዋ። ከኩላሊት ዙሪያ የሚወጣው።»

«ታዲያ ሥጋ ነው በይኛ!»

«ስብ ነው እንጂ ሥጋ አይደለም።»

የነበሩት ሁሉ ሳቁ። እሷም እየሳቀች፣ «ይቺን ታክል እግዚአብሔር አይቆጥርብሽም» አለችኝ። ለእኔ! ከኅዳር 15 ጀምሮ ወተት እንኳ ላልነካሁት! አፌን ስንት ጊዜ እንደተጉመጠመጥኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

ሞራ ገላጭ አይደለሁም፣ ዘቢብ ውስጥ ሞራ መኖሩን በምን ልወቅ? በእኛ ቤተ ክርስቲያን ዘቢብ ለቁርባን የሚዘጋጅ ነገር ነው። ከሞራ ጋር ይገናኛል ብሎ ማን ያስባል?

ለካ ድሮ ሚንስ ፓይ ውስጥ የምር ሥጋ ነበረ። የበግ ወይም የበሬ፣ ከዘቢብና ከቅመም ጋር ተከትፎ። በጊዜ ብዛት ሥጋው ወጣ፣ ሞራው ግን እዚያው ቀረ። ፑዲንግ የሚሉት በእንፋሎት የሚበስል የገና ጣፋጫቸውም ያው ነው። በፈረንጆቹ 1893 አቶራ በሚባል የንግድ ስም ተከትፎ የተዘጋጀ ሞራ መሸጥ ከጀመረ ወዲህ ደግሞ በዱቄት ተለውሶ በፓኬት ስለሚመጣ ሩዝ እንጂ ሞራ አይመስልም። ሙያቸውን አልንቅም። ሞራ ቶሎ አይቀልጥም። ሊጡ መጽናት ከጀመረ በኋላ ሲቀልጥ የነበረበትን ቦታ ክፍት ይተወዋል፣ ፑዲንጉም ቀለል ይላል። ጥሩ ነው። ግን ንገሩና!

ወተት ቢኖርበት አለርጂ ስለሚያስነሳ ጠርሙሱ ላይ በደማቁ ይጻፍ ነበር። የበሬ ሞራ በአለርጂዎቹ ዝርዝር ውስጥ ስለሌለ ከሌላው ጋር በደቃቁ ያልፋል።

ይሄ ደግሞ የመጀመሪያዬ አይደለም። በዐቢይ ጾም ዮርክሻየር ሄጄ ድንች ጥብስ ገዛሁ። ድንች! በበሬ ስብ እንደሚጠብሱት የሰማሁት ግማሹን ከጨረስኩ በኋላ ነው። እዚያ የቆየ ልማድ ነው፣ ለእንግዳ ግን ማንም አይናገርም። ሌላ ቀን ቢሮ ላርዲ ኬክ መጣ፣ ዘቢብ በዘቢብ የሆነ። እጄን ስዘረጋ አንድ ሙስሊም ባልደረባዬ «ላርድ እኮ የአሳማ ስብ ነው» ብሎ አስጣለኝ። እግዜር ይስጠው። ያን ቀን ሁለታችንም ብርቱካን ልጠን በላን።

ደክሞኛል። በየገበታው እንደ መርማሪ መጠየቅ ደክሞኛል። ጠይቆ ውሸት መስማት ደግሞ ከሁሉም ይብሳል። አውቃ አልዋሸችም ይሆናል። ግን የምታበላኝን ምግብ አታውቅም ማለት ነው፣ እሱስ ይሻላል? የአትክልት ሱዌት የሚባል እኮ አለ! ከፓልም ዘይት የሚሠራ፣ ከበሬው ጎን የሚደረደር። ስላንቺ ብዬ ካሉ እሱን ማንሳት ምን ይከብዳል?

አሁን ማታ መልእክት ላከችልኝ። ይቅርታ የለ፣ ምን የለ። «ለዓርብ ምሳ ፑዲንግ እሠራለሁ፣ ያንቺን በአትክልቱ አደርገዋለሁ» ትላለች።

«ከነፓኬቱ ይዘሽው ነይ» ብዬ መለስኩላት።