የሰፈሩ ዩፒኤስ

ዩፒኤስ የሚባለው ባለባትሪ ሳጥን የተሠራበት ዓላማ ግልጽ ነው። መብራት ሲሄድ ጢጥ ጢጥ እያለ ጥቂት ደቂቃ ይሰጥሃል። የጀመርከውን ሴቭ ታደርጋለህ፣ ኮምፒውተሩን በወጉ ታጠፋለህ። ይህን ያሰበው መሐንዲስ ግን ደሴ ኖሮ አያውቅም። ደሴ ላይ መብራት ሲሄድ መጀመሪያ የሚደረገው ሴቭ ማድረግ አይደለም። ደጅ ወጥቶ "የኛ ብቻ ነው ወይስ የሁሉም?" ብሎ ማጣራት ነው።

ማጣራቱ ደግሞ ቶሎ አያልቅም። ከማዶ ያለው ቤት መብራት ካለው አንዱ ቆፍጠን ብሎ "የኛ ፌዝ ነው የሄደው" ይላል። ለነገሩ እውነት አለው። መስመሩ ፌዝ የሚባሉ ሦስት ሽቦዎች አሉት፤ ቤት ግን ብዙውን ጊዜ የሚደርሰው አንዱ ብቻ ነው። ያ ሲቋረጥ አንተ ጨለማ ውስጥ ነህ፣ ጎረቤትህ ድራማ ያያል። ቀጥሎ ሌላ ሰፈር፣ ሆጤ ላለ ዘመድ ይደወላል። እሱ ጋ ካለ ቅር ይለናል። እሱ ጋም ከሌለ ልባችን ይረጋል። "የሁሉም ነው፣ አብሽሩ!" እንባባልና ወደ ሌላ ወሬ እንገባለን። የዘይት ዋጋ፣ የማን ልጅ ታጨች፣ ሸዋ በር የተከፈተው ሱቅ። ቤት ስንመለስ ዩፒኤሱ ጩኸቱን ጨርሶ ዝም ብሏል። ኮምፒውተሩም ሴቭ ያልተደረገውን ይዞ ሄዷል።

የሸጠልኝ ልጅ "ሁለት ሰዓት ሙሉ ይይዛል፣ ወላሂ!" ብሎኝ ነበር። መሐላው ነው የገዛኝ። ቤት ውስጥ የተለመደው አቅሙ 650 ቪኤ (ቮልት-አምፒር) የሚሉት ነው። ሆዱ ውስጥ ብዙ ጊዜ ያለው አንድ ባለ 12 ቮልት፣ ባለ 7 አምፒር-ሰዓት የእርሳስ ባትሪ ነው። ሲባዛ 84 ዋት-ሰዓት ይሆናል። ኮምፒውተሩና ስክሪኑ 100 ዋት ከበሉ፣ በወረቀት ሃምሳ ደቂቃ ሊያቆይ ነው። ወረቀት ደግሞ እንደ ሻጩ ነው። ያ 7 ቁጥር የተለካው ባትሪው ቀስ ብሎ በ20 ሰዓት ሲፈስ ነው። ባንዴ አምጣ ሲሉት ያን ያህል አይሰጥም። ወደ 220 ቮልት ሲቀየር መንገድ ላይ የሚባክንም አለ። አዲስ ሆኖ ሩብ ሰዓት ካቆየህ አመስግን።

ይህን ሁሉ ለባለቤቴ ማስረዳት የነበረብኝ ሊጡ ኩፍ ባለበት ቀን ነው። ምጣዱ ግሎ፣ በማሰሻ ታስሶ፣ መብራት ሄደ። "እዚህ ላይ ብንሰካውስ?" አለችኝ፣ ዩፒኤሱን በዓይኗ እየለካች። ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ እንደሚፈልግ ነገርኳት። የኛ ዕቃ ግን ቢበዛ 390 ዋት ነው፤ ብንሰካው አንድ ረጅም ጩኸት ጮሆ ይዘጋል። በጥሞና አዳመጠችኝ።

"እና ይህ ሁሉ ጢጥ ጢጥ ለምኑ ነው?"

መልስ አልነበረኝም።

ዩፒኤስን በትክክል የተረዱት ጎረቤታችን እትዬ ናቸው። መብራት በሄደ ቁጥር ነጠላቸውን አጣፍተው ከች ይላሉ። "ልጄ፣ ያ የሚጮኸው ነገርህ ደህና ነው? እስቲ ስልኬን ሰካልኝ።" እትዬ ዋትና ቮልት አይቆጥሩም። ሒሳቡ ግን ለሳቸው ያደላል። ስልክ ሲሞላ 10 ዋት ቢወስድ ነው፤ ኮምፒውተሬ በደቂቃዎች የሚጨርሰው ባትሪ የሳቸውንና የልጃቸውን ስልክ ሞልቶ ይተርፈዋል። ወሬው ግን ተሰማ። ዲቫይደር ተጨመረ። በዲቫይደሩ ላይ ሌላ ዲቫይደር። ማን የማንን ነቅሎ የራሱን እንደሰካ ክርክር ተነሳ። ስልኩ ከተሰካ ደግሞ ሰው ዝም ብሎ አይቀመጥም፣ ቡና ይፈላል። ደግነቱ ጀበናው ከሰል ላይ ነው።

አንድ ምሽት ሦስተኛው በረካ ላይ ደርሰን አባባ ምርቃት ጀመሩ። "አገር አማን ያርግልን!" ከፊሎቻችን አሚን፣ ከፊሎቻችን አሜን፣ ዩፒኤሱ ጢጥ። "የታመመውን ይማርልን!" አሚን፣ አሜን፣ ጢጥ። አባባ ቅር አላላቸውም። እንዲያውም በየማረፊያው እየጠበቁት መረቁ። ባትሪው ሊያልቅ ሲል ጢጢጢጥ እያለ ሲያፈጥን ግን "ይሄስ ቸኮለ" ብለው አሳጠሩት።

ኮምቦልቻ ያለው የአክስቴ ልጅ በዚህ ሁሉ ይስቅብኛል። "እኛ ጋ ፋብሪካ ስላለ መብራት አይጠፋም" ይላል። ይህን ሲለኝ በስልኩ ውስጥ ጢጥ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ጎበዝ ነው፣ እያስነጠሰ ሊሸፍነው ሞከረ። የሐረጎን ቁልቁለት ወርደህ ኮምቦልቻ ስትገባ ጃኬት እንደምታወልቅ ማንም ያውቃል። ሙቀት ደግሞ የዚህን ባትሪ ዕድሜ ይበላል። ደሴ ብርዱ ለሰው ነው እንጂ ለባትሪ ክፉ አይደለም። ይህን ነግሬው ዘጋሁት።

የኔን ባትሪ የገደለው ሙቀት አልነበረም፣ መሟጠጥ ነው። ደህና የተያዘ ከ3 እስከ 5 ዓመት ይሠራል። በየጊዜው እስከ መጨረሻው የተጠባ ግን ቶሎ ይደክማል። አንድ ቀን መብራት ሄደ፣ ዩፒኤሱ አንዴ ጢጥ አለና አበቃ። ሰፈሩ ለቅሶ እንደሚደርስ ሰው መጣ። እትዬ "አብሽር፣ አላህ ይተካዋል" አሉኝ።

አላህ በሰፈሩ በኩል ተካው። ለአዲስ ባትሪ መዋጮ ተባለ፣ ሰብሳቢና ገንዘብ ያዥ ተመረጠ፣ ደብተር ተገዛ። ደንቡ በጽሑፍ ወጣ። መጀመሪያ የታማሚና የአራስ ቤት ስልክ ይሞላል። ከዚያ ተማሪ ያለበት ቤት አንድ መብራት ይሰካል። ቀጥሎ በመዋጮ ቅደም ተከተል። ዩፒኤሱ የሚቀመጠው እኔ ቤት ነው፤ አቧራውን መጥረግም የኔ ነው። ዝርዝሩን ሁለት ጊዜ አንብቤ ኮምፒውተሬን አጣሁት። ሰብሳቢውን ጠየቅኳቸው።

"እሱ መብራት ሲመጣ ይሥራ" አሉኝ።