ለተከበሩ የፊት ግራ ጎማ፣ ባሉበት

ጉዳዩ፦ በክብር ጡረታ እንዲወጡ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፤

ከደብረ ማርቆስ መናኸሪያ ተነስቶ በሉማሜና በየትኖራ አድርጎ ደጀን የሚደርሰው፣ ከዚያም የአባይን በረሃ ተሻግሮ አዲስ አበባ የሚገባው ሚኒባስ ለዓመታት የቆመው በእርስዎ ትከሻ ስለሆነ፣ ከሾፌሩ ጀርባ መቀመጥ የሚያዘወትረው የዚህ ደብዳቤ ጸሐፊ በቅድሚያ ምስጋናውን ያቀርባል። ብዕር ያስነሳኝ ግን በጎንዎ ላይ የወጣው፣ ሰኔ ላይ የባቄላ ፍሬ ያህል የነበረውና ዛሬ ሎሚ ያከለው እብጠት ነው። ባለቤትዎን ብጠይቃቸው ከፋብሪካ ሲወጡም እንዲሁ እንደነበሩ ነገሩኝ። ሾፌሩ ፀሐይ ነው ያሳበጠው አለ። ረዳቱ ደግሞ በጫማው ጫፍ መታ መታ አድርጎ ድምፅዎን ካዳመጠ በኋላ፣ «ጋሼ፣ ይሄ ገና ሁለት ፋሲካ ያያል» ሲል የምርመራውን ውጤት ይፋ አደረገ።

እውነቱን እርስዎም እኔም እናውቀዋለን። ክረምቱ አስፋልቱን ቦርቡሮ የተወው ጉድጓድ ውሃ ሞልቶት ሜዳ መስሎ ነበር፤ ሚኒባሱ በሙሉ ፍጥነት ሲገባበት ጎንዎ በጉድጓዱ ጠርዝና በቸርኬው መካከል ተቆነጠጠ። ላስቲክዎ አልተቀደደም፤ በላስቲኩ ውስጥ የተቀበሩትና የአየሩን ግፊት የሚሸከሙት ክሮች ግን ተበጠሱ። ክሩ በተበጠሰበት ቦታ አየሩ የሚያገኘው ባዶ ላስቲክ ብቻ ስለሆነ ይገፋዋል፣ ላስቲኩም እየተለጠጠ ለጊዜው እሺ ይለዋል። ስለዚህ ከውጭ እብጠት መስሎ የሚታየው ነገር ከውስጥ ስብራት ነው፤ ክሩ እስኪታይ ድረስ ጎኑ የተቆረጠ ጎማም ፍርዱ ያው ነው። ከውስጥ የአሮጌ ጎማ ቁራጭ ማስደገፍ እየተፋተገ ሙቀት ይጨምር እንደሆነ እንጂ የተበጠሰን ክር አይቀጥልም።

በዚህ አጋጣሚ በኋላ ቀኝ በኩል በሚያገለግሉት የሥራ ባልደረባዎ ላይ የደረሰውን ሳላነሳ አላልፍም። እኚህ ምስኪን ሉማሜ ላይ በሚስማር በመወጋታቸው ብቻ ሚኒባሱ ቆመ፣ ተሳፋሪው ወረደ፣ ክሪክ ወጣ፣ «የማርቆስ ታቦት አተረፈን» ተባለ። ሚስማሩ የገባው ግን መሬት በሚረግጠው በመሃለኛው ክፍላቸው ነበር፤ በዚያ ቦታ የወጣ ቀዳዳ ከ6 ሚሊሜትር ካልሰፋ፣ ጎማው ከቸርኬው ወልቆ ውስጡ ከተመረመረ፣ ቀዳዳውም ተደፍኖ ከውስጥ ከተለጠፈ በኋላ በሰላም ወደ ሥራው ይመለሳል። ጎን ግን በየዙሩ የሚታጠፍና የሚዘረጋ በመሆኑ ልጣፊ አይዝም፤ ሥራውን የሚያከብር ጎሚስታም አይሞክረውም። እነሆ፣ ለሚድነው ጎማ ስለት ሲገባ፣ የማይድኑት እርስዎ ዞር ብሎ የሚያይዎት ሳይኖር መንገድዎን ቀጠሉ።

ዕድሜዎን በተመለከተም አለመግባባት አለ። በጎንዎ ላይ ከታተመው ረጅም ጽሑፍ መጨረሻ ያሉት አራት አሃዞች 1214 ይላሉ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ዓመቱን ስለሚናገሩ የተወለዱት በፈረንጆች 2014 በ12ኛው ሳምንት፣ በእኛ መጋቢት 2006 ዓ.ም. ነው። ባለቤትዎ ግን 14ን በሐበሻ አቆጣጠር አንብበው ከሰባት ዓመት የሚበልጥ ልጅነት መርቀውልዎታል። ብዙ የጎማ አምራቾች 10 ዓመት የሞላው ጎማ ጥርስ ቢኖረው እንኳ ይቀየር ይላሉ፤ ላስቲክ ቆሞም ያረጃልና። ስለ ጥርስዎ ብዙ አልልም፤ በብዙ አገሮች ሕግ የመጨረሻው ልክ 1.6 ሚሊሜትር ሲሆን፣ እርስዎ ሊሾ ለመባል የቀረዎት አንድ ክረምት ነው። ለዓመታዊ ምርመራ በተኬደ ዕለት ግን እርስዎ ቤት ውለው፣ በተውሶ የመጣ ባለ ጥርስ ጎማ እርስዎን ወክሎ ቦሎውን አስለጥፏል። ይህን ያህል ውክልና ያለው ሹም በወረዳችን አላውቅም።

ቅሬታው ሲበዛ ባለቤትዎ ያሰቡት መፍትሔ ዝውውር መሆኑንም ሰምቻለሁ፤ ከፊት አንስተው ወደ ኋላ ሊመድቡዎት ነው። ያጠፋን ሠራተኛ ከማሰናበት ይልቅ ሌላ ክፍል ማዛወር በአገራችን የተለመደ ስለሆነ አልተገረምኩም። የፊት ጎማ ሲፈነዳ መሪውን ወደ ተጎዳው ጎን ይጎትታል፤ የኋላ ጎማ ሲፈነዳ ደግሞ የመኪናው ጭራ ይወናጨፋል። ተሳፋሪው በየትኛው መንገድ ገደል መግባት እንደሚመርጥ እስካሁን የጠየቀው የለም።

አሁን ወደ ቁልቁለቱ እንምጣ። ከደጀን እስከ አባይ ድልድይ መንገዱ እየተጠማዘዘ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል። በሚወርድበት ጊዜ የመኪናው ክብደት ወደ ፊት ይጋደማል፤ ትርፍ የተጫኑት ሰዎች፣ የጤፉ ኩንታልና የማሩ ጀሪካን ሁሉ ወደ እርስዎ ያዘነብላሉ። ሾፌሩ በማርሽ ከመያዝ ይልቅ ፍሬኑን ረግጦ ስለሚወርድ የፍሬኑ ግለት ወደ ቸርኬው፣ ከቸርኬውም ወደ እርስዎ ይተላለፋል። በረሃው ራሱ ምድጃ ነው። አየርዎ የጎደለ እንደሆነ ጎንዎ ከልኩ በላይ ስለሚታጠፍ የራስዎን ሙቀት ይጨምሩበታል፤ በዝቶ እንደሆነም ያንን ክር አልባ ቦታ የሚገፋው ኃይል ይበረታል። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል እንዲሉ፣ ጎማ ያባውን የሚያወጣው ይህ ቁልቁለት ነው። እርስዎ የፈነዱ ጊዜ ሾፌሩ መሪውን አጥብቆ ይዞ፣ እግሩን ከነዳጅ ቀስ ብሎ አንስቶ፣ ፍሬን በድንገት ሳይረግጥ የመኪናው ፍጥነት በራሱ እንዲቀንስ ማድረግ ይኖርበታል፤ ይህ ግን ቦታ ይፈልጋል፣ በዚያ መታጠፊያ ላይ ደግሞ ቦታ ያለው ለዝንጀሮ ብቻ ነው።

ይህን ሁሉ ለተሳፋሪዎች ለማስረዳት ሞክሬ ነበር። አንዲት እናት ነጠላቸውን አስተካክለው፣ «ልጄ፣ አታሟርት! እስከ ዛሬ ያደረሰን አምላክ ዛሬም ያደርሰናል» አሉኝ፤ ባለቤትዎም ይህችን ቃል ተቀብለው «አዎ፣ እስካሁን አልፈነዳም» ሲሉ አጸደቋት። ክቡር ሆይ፣ ከዚህ ዓረፍተ ነገር የበለጠ ጠበቃ የለዎትም፤ ከጎማ ሁሉ እስኪፈነዳ ድረስ የፈነዳ ደግሞ የለም። እኛ ከምንሻገረው ድልድይ ጎን ያለው አሮጌው ድልድይም ለከባድ መኪና የማያስተማምን ሆኖ ሲገኝ እስካሁን አልወደቀም ነበር፤ ሆኖም በጃፓን እርዳታ በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ የህዳሴ ድልድይ ተመርቆ ሥራውን ሲረከበው ማንም አሟረተ አልተባለም። እርስዎ ከድልድይ በምን በለጡ?

ስለሆነም ጎንዎ አብጦ በታየበት ሰዓት ከመኪናው እንዲወርዱ፣ ስኮርታውም እንዲተካዎት፣ ስኮርታ በሌለበት ሚኒባሱ ተሳፋሪውን አራግፎ ቆሞ እንዲጠብቅ እጠይቃለሁ። ጡረታዎም ባዶ አይደለም። በገበያው ዳር የሚቀመጡት ባለሙያዎች የመሃል ክፍልዎን ቆርጠው ለጮቄ ገበሬ ጠንካራ በረባሶ ያወጡበታል፤ ከተረፈው ጠፍር ይቆረጣል። በረባሶ ሆነው ቁልቁለት ቢወርዱ የሚሸከሙት አንድ ሰው ነው፣ ቢበጠሱም እሱ በባዶ እግሩ ቤቱ ይገባል።

ከአክብሮት ጋር፣
ከሾፌሩ ጀርባ ያለው ተሳፋሪ

ግልባጭ፦
ለሚኒባሱ ባለቤት፣ በቀን መቁጠሪያ ታስሮ እንዲደርሳቸው፤
ለረዳቱ፣ ጫማውን እንዲያሳርፍ፤
ከኋላ ከሥር ለተንጠለጠለው ስኮርታ፣ አየር ካለው።