«ላስቀምጥልህ» ያልነው የቡሄ ገንዘብ የት ደረሰ?

ባለፈው ነሐሴ ልጄ ከሰፈር ጓደኞቹ ጋር ሆያ ሆዬ ጨፍሮ ሲመለስ የድርሻውን 520 ብር ጠረጴዛ ላይ ዘረጋው። የ12 ዓመት ልጅ ነው። እንደ ልማዴ እጄን ዘርግቼ «አምጣ ላስቀምጥልህ» አልኩት። አልሰጠኝም። «እማዬ፣ የአምናውስ የት አለ?» አለኝ። የአምናው 430 ብር ነበር። በሳምንቱ ለዘይትና ለሽንኩርት ወጥቶ እኔ ከረሳሁት ቆይቻለሁ፤ እሱ ግን አልረሳም።

ብዙ ዓመት በባንክ መስኮት ጀርባ ተቀምጬ ሠርቻለሁ። ማታ ሂሳብ ሲዘጋ አንዲት ሳንቲም ብትጎድል እስክትገኝ ወደ ቤቴ አልሄድም ነበር። የማላውቀውን ሰው ገንዘብ እንዲያ ስጠብቅ የኖርኩ ሴት የገዛ ልጄን ገንዘብ ያለ ደረሰኝ ተቀብዬ ያለ ፈቃዱ አወጣሁ። ይህ የእኔ ቤት ጉድ ብቻ አይደለም። ልጆቻችን በቡሄም በእንቁጣጣሽም ያገኙትን ለእናት ያስረክባሉ፣ ዳግም አያዩትም። ያስቀመጡት ነገር እንደማይመለስ የሚማሩት ከእኛ ነው። ከዚያ ወዲያ ስለ ቁጠባ ብንመክራቸው በምን አፋችን?

ሌላው ጥፋታችን ማስገባትን ብቻ ማስተማራችን ነው። ደህና የሚባለው ወላጅ በልጁ ስም የቁጠባ ሂሳብ ይከፍትና ደብተሩን ቁም ሣጥን ውስጥ ይቆልፍበታል። በመስኮቴ የማስታውሰው ይህንኑ ነው፤ አባት ይናገራል፣ አባት ይፈርማል፣ ልጁ በጣቶቹ ጫፍ ቆሞ ወደ እኔ ይንጠራራል። ስንት እንዳለው አይጠየቅም፣ ማውጣትም አይሞክርም። 18 ዓመት ሲሞላው ግን ሕጉ አካለ መጠን የደረሰ ይለዋል። ዩኒቨርሲቲ ይገባል፣ ስልኩ ላይ የባንክ ሂሳብ ይጫንለታል፣ ትናንት አንድ ብር ያላዘዘ እጅ ዛሬ ሁሉንም ያዛል።

መጋቢት 2016 ዓ.ም. የሆነውን ሁላችንም እናስታውሳለን። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሥርዓት ለጥቂት ሰዓታት ሲታወክ ሰዎች ከሂሳባቸው በላይ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ። ባንኩ የተወሰደው ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ መሆኑን አሳወቀ። ከወሰዱት ብዙዎቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ። ብዙዎች መለሱ፤ ያልመለሱት ስማቸውና ፎቶግራፋቸው ይፋ ወጣ። በሌሊት በገንዘብ ማውጫ ማሽን (ኤቲኤም) ፊት ወረፋ ይዘው የነበሩትን ልጆች ሌባ ብሎ ማለፍ ይቀላል። እኔ ግን ማሽኑ የሚሰጠው ገንዘብና የራስ ገንዘብ የተለያዩ መሆናቸውን ማን፣ መቼ አስተምሯቸው ነበር ብዬ እጠይቃለሁ።

በሥራዬ ከሁሉ የሚከብደኝ ቼክ መመለስ ነበር። አንድ ወጣት ነጋዴ የጻፈውን ቼክ ይዘው የመጡ አዛውንት ፊቴ ቆመዋል፤ ሂሳቡን ሳየው ገንዘብ የለበትም። «በቂ ስንቅ የለውም» ብዬ መለስኩት። ስንቅ መንገደኛ ከቤቱ ሳይወጣ የሚያዘጋጀው ነው፤ ለቼክ ከዚህ የተሻለ ቃል አላውቅም። ወጣቱ ኋላ መጥቶ «ነገ የሚገባልኝ ገንዘብ ነበር» አለኝ። የነገውን ዛሬ በእጁ እንዳለ ቆጥሮታል። ስንቅ የሌለው ቼክ ሆን ብሎ የሚሰጥ ሰው በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 693 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ሊፈረድበት ይችላል፤ በቸልተኝነት ያደረገውም ከቅጣት አይድንም።

ዛሬ የነገውን ለመቁጠር ቼክ እንኳ አያስፈልግም። ቴሌብር ሥራ ከጀመረ ከ2013 ወዲህ የእናቱን ስልክ ይዞ ሱቅ የሚላክ፣ የምስጢር ቁጥሯን በቃሉ የሚያውቅ ሕፃን በየሰፈሩ አለ። በዚያው ስልክ ላይ ሂሳቡ ሲያልቅ ጎዶሎውን የሚሞላ ብድር አለ፤ ስሙም «እንደኪሴ» ነው። ብድር ኪስ እንዳልሆነ ልጁ ስሙን ከመስማቱ በፊት ቢያውቀው ደስ ይለኛል።

እኛ ቤት ያደረግነው ይህን ነው። በስሙ ሂሳብ ከፈትን፣ 520 ብሩን በገዛ እጁ መስኮቱ ላይ አስገባ። ወረቀት በቁመት ቆራርጠን የቤት ቼክ ሠራን። ገንዘብ ሲፈልግ ቀኑን፣ መጠኑን በአኃዝና በፊደል፣ ለምን እንደሚውል ጽፎ ይፈርማል። ደብተሩ ላይ ገቢ፣ ወጪ፣ ቀሪ የሚል መስመር አሰመረ። የመጀመሪያው ቼክ ለኳስ የተጻፈ የ400 ብር ነበር። ኳሱ ደካማ መሆኑ ያስታውቃል፤ ልከለክለው አፌ ደረሰና ዋጥኩት። በሦስተኛው ሳምንት ተቀደደ። ቀጥሎ ለጓደኛው ልደት ስጦታ 150 ብር ጻፈ። ቀሪው 120 ነው። «ስንቅ የለውም» ብዬ ጽፌ መለስኩለት። አኩርፎ ራቱን ሳይበላ ተኛ፤ እኔም እንቅልፍ አልወሰደኝም። በማግስቱ በራሱ እጅ የ90 ብር ቼክ ጽፎ መጣ።

እናቴ «ልጅ ገንዘብ ከለመደ ይባልጋል» ትላለች። ነገር ግን እኔን ገበያ ልካ መልሱን እስከ መጨረሻዋ ሳንቲም የምትቀበለኝ፣ እያንዳንዱን ግዢ የምታስቆጥረኝ እርሷው ነበረች። ያን ጊዜ ያስተማረችኝ ሂሳብ ባንክ ቤት አስቀጥሮኛል። የልጁ ገንዘብ ለቤት የግድ የሚያስፈልግባቸው ቤተሰቦች እንዳሉም አውቃለሁ። እዚያም ቢሆን «ተበድረንሃል» ወይም «አግዘኸናል» ተብሎ ይነገረው፤ ወስዶ ዝም ማለት ነው የሚጎዳው።

ስለ ወለድ ገና ብዙ አልነገርኩትም። የቁጠባ ወለድ ዝቅተኛው 7 በመቶ መሆኑን አውቆ፣ «የኳሱ ዋጋ ግን በስንት ጨመረ?» ብሎ ከወዲሁ ጠይቆኛል። አብረን እየተከታተልነው ነው።

የደብተሩን የመጨረሻ ገጽ ለእኔ ለይቶታል። «እማዬ ያለባት፦ 430 ብር» ይላል። መስከረም 1 ቀን 100፣ ጥቅምት 1 ቀን 100 ከፍዬ ከጎኑ ፈርሞልኛል። ቀሪው 230 ነው፤ ኅዳር 1 ቀን ከትምህርት ቤት ሲመለስ ይጠብቀኛል።