«ዓሣ እንደሆነ ይሞታል» አትበሉኝ

«ዓሣ እኮ እንዲሁ ነው፤ ይሞታል፤ ሌላ ትገዛለህ።» ይህን ንግግር ከሻጭም፣ ከጎረቤትም፣ ከዘመድም እየሰማሁ ኖሬ ዛሬ ትዕግሥቴ አለቀ። ወርቃማ ዓሣ በአግባቡ ከተያዘ ከ10 ዓመት በላይ ይኖራል፤ 20 ዓመት የተሻገረም አለ። በተገዛ በሁለተኛው ሳምንት ሆዱን ገልብጦ የሚንሳፈፈው ዕድሜው ስላለቀ አይደለም። ተመርዞ ነው። መርዙ ደግሞ አስቀድሞ የሚታወቅ፣ የሚለካ፣ ጥቂት ሳምንት በመታገሥ የሚወገድ ነው። የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው።

ሻጩ ገንዳውን፣ ጠጠሩን፣ ማጣሪያውንና ዓሦቹን በአንድ ቀን ያሸክምሃል። በአንድ ቀን! ትናንት የተሞላ ውሃ የቱንም ያህል ቢጠራ ገና ለዓሣ መኖሪያ እንዳልሆነ አንድ ቃል አይተነፍስም። ዓሣ የበላውን መልሶ የሚያስወጣው በአብዛኛው በአሞኒያ መልክ፣ በስንጥቡ (በመተንፈሻው) በኩል ነው። የተረፈ ምግብና የረገፈ ቅጠልም ሲበሰብስ አሞኒያ ይሆናል። ዓሣ በሚገድል መጠን ተጠራቅሞ እንኳ ዓይን አያየውም፣ አፍንጫም አይለየውም። ይህንን አሞኒያ ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱን ደግሞ ጉዳቱ እጅግ ወደሚያንሰው ናይትሬት የሚለውጡት በማጣሪያው ስፖንጅና በጠጠሩ ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናቸው። እነርሱ ተራብተው ለሥራው እስኪበቁ አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይወስዳል። መካከል ላይ የሚመጣው ናይትራይትም ቀላል አይምሰላችሁ። ደም ውስጥ ገብቶ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ከሥራ ውጪ ያደርገዋል፤ ደሙ ወደ ቡናማነት ያደላል፤ ዓሣው በቂ ኦክስጅን ባለበት ውሃ ውስጥ እያለ ይታፈናል።

ይህ ሲሆን አይታችሁ ታውቃላችሁ? ዓሣው ወደ ውሃው ገጽ ወጥቶ አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል፣ ይከፍታል። ስንጥቡ ከወትሮው ቀልቶ ያለ ዕረፍት ይርገበገባል። ክንፎቹን ከሰውነቱ ጋር አጣብቆ አንድ ጥግ ይይዛል፤ ምግብ አጠገቡ ሲወርድ ዞር ብሎም አያይ። ድምፅ የለውም። ድምፅ ቢኖረው ኖሮ ይህ አሻሻጥ አንድ ሳምንት አይሻገርም ነበር።

ሰውየው ደንግጦ ወደ ሱቁ ሲመለስስ ምን ይሰጡታል? መድኃኒት! ውሃውን የሚለካለት የለም፤ ማጣሪያው ከተተከለ ስንት ጊዜ እንደሆነው የሚጠይቀው የለም። ከእነዚህ መድኃኒቶች አንዳንዶቹ ገና መራባት የጀመሩትን ባክቴሪያዎች ጭምር ይጨርሷቸዋል። ከዚያ «ገንዳውን ባዶ አድርገህ ሁሉንም ነገር በደንብ እጠበው» ይሉታል። ምስኪኑ ሰው ስፖንጁን የቧንቧ ውሃ ከፍቶበት ነጭ እስኪሆን ያሸዋል፤ ክሎሪኑ የተረፈውን ባክቴሪያ ይፈጀዋል፤ ሁሉም ነገር እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። ስፖንጁ እኮ ከገንዳው በተቀዳ ውሃ ውስጥ ጨመቅ ጨመቅ ቢደረግ ይበቃዋል! በየሳምንቱ ከውሃው ሩብ ያህሉን መቀየር፣ አዲሱን ውሃ በክሎሪን ማስወገጃ ማከም፣ በቃ። «ውሃውን አሳድረው» የሚለው ምክርም ቢሆን ሁልጊዜ አይሠራም፤ ክሎራሚን (ክሎሪንና አሞኒያ የተዋሐዱበት የውሃ ማጽጃ) የተጨመረበት ውሃ አንድ ሌሊት ስላደረ አይጸዳም።

ዕፅዋቱ ላይማ ሆዴ ይቃጠላል። ጤነኛ ተክል አሞኒያን ራሱ እየመጠጠ ውሃውን ያጠራል፤ ለጀማሪ ትልቅ ረዳት ነበር። ግን ምን ይሸጡለታል? ድራሲና! የየብስ ተክል። ውሃ ውስጥ ሲከቱት ለሳምንታት አረንጓዴ መስሎ ይቆይና ከሥሩ መበስበስ ይጀምራል፤ ያጠራል የተባለው ተክል ራሱ ውሃውን ያበላሸዋል። እውነተኛ የውሃ ተክል ያገኘም ሰው አይተርፍም። ብዙዎቹ በችግኝ ማፍያ ቦታ የሚያድጉት ቅጠላቸው አየር ላይ ሆኖ ስለሆነ ገንዳ ውስጥ ሲገቡ አሮጌውን ቅጠል ጥለው ለውሃ የሚሆን አዲስ ያወጣሉ። ክሪፕቶኮሪን የሚባለው ተክልማ በጥቂት ቀናት ውስጥ ቅጠሉ ሁሉ ሟሙቶ ሊያልቅ ይችላል፤ ሥሩ ግን ሕያው ነው። ይህንን የነገረው የለምና ባለቤቱ ነቅሎ ይጥለዋል። አኑቢያስ የተባለውን ተክል ደግሞ ሱቆቹ ራሳቸው ወፍራሙን አግድም ግንድ ጠጠር ውስጥ ቀብረው ለዕይታ ያቀርቡታል። ግንዱ ሲቀበር ይበሰብሳል፤ ድንጋይ ወይም እንጨት ላይ መታሰር ነው ያለበት። በቅርቡ አንድ ወዳጄ ቤት እንዲህ የተቀበረ አኑቢያስ ከጠጠሩ ሳወጣ ላዩ ገና አረንጓዴ ነበር፤ ግንዱ ግን እንደ በሰበሰ ሙዝ ጣቴ ላይ ፈረሰ፤ ሽታው ክፍሉን ሞላው። ወዳጄ ለሁለት ወር መብራት ሲጨምርለት፣ ማዳበሪያ ሲገዛለት ነበር የከረመው።

መብራቱስ? በቀን ከ6 እስከ 8 ሰዓት ይበቃል። እስከ እኩለ ሌሊት ሲበራ ያመሽና መስታወቱ በአልጌ ይለብሳል። አሁንም ሱቁ መፍትሔ አለው፦ «ገንዳ አጽጂ» የሚባለው ፕሌኮ፣ አልጌ የሚግጥ ዓሣ። ሲሸጥ የጣት ያህል ነው፤ ተራው ፕሌኮ ሲያድግ ግን ከ30 ሴንቲሜትር ያልፋል፤ የሚያስወጣው ቆሻሻም ጸዳ ከተባለው ይበልጣል። ገንዳው ሲጠበው ሰዎች ወስደው ወንዝ ውስጥ ይለቁታል። በፍሎሪዳና በሜክሲኮ ውሃዎች ተራብተው ዳርቻውን እየቦረቦሩ የሚያፈርሱት የዚሁ ዓሣ ዘመዶች ናቸው።

ቤታ የተባለውን ዓሣ በአበባ ማስቀመጫ ከተክል ሥር ጋር አድርገው «ሥሩን እየበላ ይኖራል» ብለው የሚሸጡትን ግን ምን ልበላቸው? ቤታ ነፍሳት በል ነው! ከ24 እስከ 27 ዲግሪ የሞቀ ውሃ ይፈልጋል። ከላይ አየር መተንፈስ መቻሉ ኦክስጅን ያነሰውን ውሃ እንዲቋቋም ይረዳዋል እንጂ ከአሞኒያ አያድነውም፤ ከረሃብም አያድነውም።

ሻጮች ሆይ፣ የምጠይቃችሁ ከባድ ነገር አይደለም። ገንዳውን ዛሬ ሽጡ፤ ዓሣውን ባክቴሪያዎቹ ተራብተው አሞኒያውም ናይትራይቱም ተለክቶ ዜሮ ሲሆን ሽጡ። የውሃ መመርመሪያውን ከምግቡ አጠገብ አስቀምጡት፤ አጠቃቀሙንም አሳዩ። «ወር ጠብቅ ካልነው ደንበኛው ይሸሻል» ትሉኛላችሁ። እኔ የማያቸው የሸሹ ደንበኞች ግን ሌላ ናቸው፦ ልጆቻቸው ስም ያወጡላቸውን ዓሦች አንድ በአንድ ቀብረው፣ ገንዳውን በሩብ ዋጋ ለመሸጥ ማስታወቂያ የለጠፉት።