«አንተ ሐኪም ነህ?»

እንግሊዝ አገር ሆስፒታል የተኛ ሰው ይህቺን ነገር ያውቃታል። ነርሷ መድኃኒት ይዛ ስትመጣ ስምህንና የተወለድክበትን ቀን ትጠይቅሃለች። ጠዋት ጠይቃሃለች። ማታም ትጠይቅሃለች። ከዚያ እጅህ ላይ የታሰረውን የስም አምባር አይታ ከያዘችው ጋር ታመሳክራለች። መጀመሪያ ላይ ያናድዳል። «ይቺ ሴትዮ ትረሳለች እንዴ?» ያሰኛል። አትረሳም። በማስታወስ እንዳትተማመን ተብላ ነው የሠለጠነችው።

አገር ቤት «አልጋ ሰባት መርፌ አለው» ይባላል። ጠዋት አልጋ ሰባት ላይ የነበረው ሰው ከሰዓት ተዛውሮ ሌላ ገብቶበት ቢሆንስ? ብዙ ጊዜ ምንም አይፈጠርም። አንድ ቀን ግን ይፈጠራል። ያን ቀን ለቤተሰብ የሚነገረው «በሽታው ጠንክሮበት ነው» ነው። ቤተሰብም «ቀኑ ደርሶ ነው» ብሎ ይቀብራል።

ስንቱ እንዲህ እንደሚቀበር የዓለም ጤና ድርጅት ግምት አለው። በዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ አገሮች ሆስፒታሎች ውስጥ በዓመት 134 ሚሊዮን ጊዜ ያህል ሰው ከበሽታው ሳይሆን ከሕክምናው ጉዳት ያገኘዋል። በዚህም ሰበብ 2.6 ሚሊዮን ሰው ይሞታል። ሆስፒታል ገብቶ እዚያው ኢንፌክሽን የሚይዘው ሕመምተኛም በሀብታም አገሮች ከ100 ሰባት ገደማ ሲሆን፣ በእኛ ዓይነቶቹ አገሮች 15 ይደርሳል።

ፈረንጅ አይሳሳትም እያልኩ አይደለም። ኧረ ጉድ አለባቸው! አሜሪካ ውስጥ በ1999 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) የወጣ አንድ ታዋቂ ሪፖርት፣ በአገሪቱ ሆስፒታሎች በሕክምና ስህተት በየዓመቱ ከ44,000 እስከ 98,000 ሰው እንደሚሞት ገምቶ ሕዝቡን አስደንግጧል። እዚሁ እንግሊዝ፣ ስታፎርድ ሆስፒታል ውስጥ ከ2005 እስከ 2009 የሆነው ደግሞ ለመስማት ይከብዳል። ምግብና ውኃ ሕመምተኛው እጅ በማይደርስበት ቦታ ይቀመጥ ነበር። በቆሸሸ አንሶላ ላይ ለሰዓታት የተተዉ ሽማግሌዎች ነበሩ። ልዩነቱ ከስህተቱ በኋላ የሚመጣው ነው።

አንድ ምሳሌ ልስጥ። ፖታሲየም ክሎራይድ የሚባል መድኃኒት አለ። ጠቃሚ ነው፤ ግን ሳይበረዝ በቀጥታ ደም ሥር ከገባ ልብን ያቆማል። አምፑሉ ደግሞ መድኃኒት መበጥበጫ ከሚሆነው ውኃ አምፑል ጋር ይመሳሰላል። ሌሊት፣ ደብዛዛ መብራት፣ የደከመች ነርስ፣ እዚያው መሳቢያ ውስጥ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት አምፑሎች። በተለያዩ አገሮች ሰው ሞቶበታል። ነርሷን አባርሮ ዝም ማለት ይቻል ነበር። ጉዳዩን ከልባቸው የያዙት ግን «ይሄ አምፑል እዚህ መሳቢያ ውስጥ ምን ይሠራል?» ብለው ጠየቁ። ያልተበረዘውን ከተራ የሕሙማን ክፍሎች አውጥተው መድኃኒት ቤት ቆለፉበት። በቃ። ቀጣይዋ ነርስ የቱንም ያህል ቢደክማት እጇ አይገባም።

አገር ቤት ብዙ ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው የሚሆነው። ወይ ነገሩ ይዳፈናል፣ ወይ አንድ ምስኪን ተፈልጎ ጣጣው ሁሉ እሱ ላይ ይወድቃል። ይህን ያየ ባልደረባ ደግሞ ነገ ሲሳሳት ለማን ይናገራል? አምፑሉ እዚያው መሳቢያ ውስጥ ይከርማል።

«ሰው የለም፣ ዕቃ የለም» ይባላል። እውነት ነው። ሌሊቱን ሙሉ አንድ ክፍል ሕመምተኛ ለብቻዋ የምትጠብቅ ነርስ ላይ መፍረድ ነውር ነው። በ2022 የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ እንዳሉት ከዓለም የጤና ተቋማት ግማሽ ያህሉ ሕክምና በሚሰጥበት ቦታና መጸዳጃ ቤት አካባቢ እጅ ማጽጃ አልተሟላላቸውም። ቧንቧው ሲደርቅ «እጅህን ታጠብ» የሚል ፖስተር መለጠፍ ቀልድ ነው።

ግን ገንዘብ የማይጠይቀውም ይቀራል። የቀዶ ሕክምና የጥንቃቄ ዝርዝር አንዲት ወረቀት ናት። ከማደንዘዣ በፊት፣ ቢላዋ ከማረፉ በፊትና ሕመምተኛው ከቀዶ ክፍል ሳይወጣ ጮክ ተብላ ትነበባለች። ማነው? የትኛው ጎን ነው የሚቀደደው? ፋሻውና መርፌው ተቆጥሮ ሞልቷል? ከለንደንና ቶሮንቶ ጀምሮ እስከ ታንዛኒያዋ ኢፋካራ በስምንት ከተሞች ተሞክራ፣ ውጤቱ በ2009 ሲወጣ ሞት ከ1.5 ወደ 0.8 በመቶ ወርዶ ነበር። ታዲያ ለምን በየቦታው እንዲህ አትሠራም? አንዲት ወጣት ነርስ አንጋፋውን ቀዶ ሐኪም «ቆይ፣ አንድ ፋሻ ጎድሏል» ማለት ስላለባት። ካፈረች ወረቀቷ ቀዶ ሕክምናው ካለቀ በኋላ ለፋይል ያህል ትሞላለች።

የሚቆጨኝ ደግሞ አስታማሚው ነው። እዚህ ጠያቂ ሰዓቱ ሲደርስ ውጣ ይባላል። አገር ቤት አስታማሚ ቀን ከሌት አልጋው ሥር ነው። ጓንቱን የሚገዛው እሱ ነው። መድኃኒቱን ከውጭ ፈልጎ የሚያመጣው እሱ ነው። ጉሉኮሱ ማለቁን ቀድሞ የሚያየው እሱ ነው። ነገር ግን «ትናንት የሰጣችሁት ቀለሙ ሌላ ነበር» ቢል መልሱ የታወቀ ነው፤ «አንተ ሐኪም ነህ?» ይባላል። ያለንን ዘበኛ አፉን አስይዘን አስቀምጠነዋል።

ስታፎርድ ላይ ያን ጉድ አደባባይ ያወጡት እኮ የሕመምተኞቹ ቤተሰቦች ናቸው። በ2013 የአጣሪው ሪፖርት ወጣ። በ2014 ደግሞ ሆስፒታል ከበድ ያለ ጉዳት ሲያደርስ ለተጎጂው ወይም ለቤተሰቡ በግልጽ ተናግሮ ይቅርታ እንዲጠይቅ በሕግ ተገደደ። አገር ቤት ቤተሰብ ልጠይቅ ብሎ ሲነሳ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚሰማው ካርዱ መጥፋቱን ነው።